የማይሸተው ጋዝ

ጥር ሲመጣ ጎንደር ሌላ ከተማ ትመስላለች። ጥር 11 ቀን ጥምቀት በአፄ ፋሲል መዋኛ ይከበራል። ከዚያ በኋላ የሠርጉ ወራት ነው። ዳስ ይጣላል። ጠላ ይጠመቃል። ጠጅ ይጣላል። አሁን አሁን ደግሞ በዳሱ ጥግ አንድ ሌላ ዕቃ ይቆማል። ይኸውም ከቦታ ቦታ የሚዞር የድራፍት መቅጃ ነው።

ጎንደር የቢራ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት። ዳሽን ቢራ ፋብሪካ የተቋቋመው በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ስሙን ያገኘው ከአገራችን ረጅሙ ተራራ ከራስ ዳሽን ነው። ድራፍት ደግሞ ዛሬ በቡና ቤት ብቻ አይጠጣም። በመኪና ተጭኖ ወደ ሠርግና ወደ ድግስ ይሄዳል። ከመጠጡ ጋር ጋዙም አብሮ ይሄዳል። ስለ መጠጡ ሁሉም ያውቃል። ስለ ጋዙ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ይህ ጋዝ ምንድነው?

ጋዝ ስንል በኩራዝ የሚነደውን ነጭ ጋዝ ማለታችን አይደለም። ምግብ የምናበስልበት ቡታጋዝም አይደለም። የድራፍቱ ጋዝ ስሙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። እሳት አይቀጣጠልበትም። ቀለም የለውም። አይሸትም። አደጋውም ያለው እዚህ ላይ ነው። ቡታጋዝ ቢያፈተልክ አፍንጫችን ይነግረናል። ይኸኛው ግን ዝም ብሎ ይወጣል።

ጋዙ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሊጡ ሲቦካ የሚኩረፈረፈው በእሱ ነው። የእንጀራን ዓይን የሚያወጣው እሱ ነው። የጠላው ድፍድፍ ሲፈላ ቡልቅ ቡልቅ የሚለውም እሱ ነው። ያልሰከነ ጠጅ በጠርሙስ ቢታሸግ ክዳኑን ያስፈነጥረዋል። ማን አስፈነጠረው? ይኸው ጋዝ ነው።

ከአየር ይከብዳል

ጋዙ ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይከብዳል። ስለዚህ ወደ ላይ አይወጣም። እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይወርዳል። በጓዳ ውስጥ ወለሉ ላይ ይተኛል። በወለሉ ላይ የተኛ ሰውም አብሮት ይተኛል። ኋላ ላይነሣ ይችላል።

አንድ ጊዜ ወደ ደባርቅ በኩል በአንድ ድግስ ላይ ነበርን። ሌሊቱ ብርድ ነው። በርሜሉና ጋዙ ዕቃ እንዳይጠፋ ተብሎ ወደ ጓዳ ገቡ። የሚጠብቀው ልጅም ጋቢውን ተከናንቦ አጠገባቸው ጋደም አለ። በሩንም ለብርዱ ብሎ ዘጋው። አንዲት እናት ዕቃ ሊያነሡ ገቡና አዩት።

«ተነሥ ልጄ፣ ከዚህ አትተኛም» አሉት።

«እትዬ፣ ውጭው ብርድ ነው እኮ!»

«ብርድ በጋቢ ይመለሳል። ድፍድፍ በሚፈላበት ዝግ ጓዳ ያደረ ሰው ራሱን እየታመመ ሲነሣ አውቃለሁ። ይኸም የሚፈላ ነገር ነው። ውጣ!»

ልጁ እያጉረመረመ ወጣ። ሲነጋ ሲሊንደሩ ቀለል ብሎ ተገኘ። ለካ ሌሊቱን ሙሉ በላላ ጎሚኒ በኩል ጋዙ ሲወጣ አድሯል። እኒያ እናት የጋዙን ስም አያውቁም። ጠባዩን ግን ያውቁታል። ልጁ የዳነው በዚህ ነው።

በዓለም ላይም ይህ ጋዝ ታላቅ ጥፋት አድርሷል። በካሜሩን አገር ኒዮስ የሚባል ሐይቅ አለ። ነሐሴ 15 ቀን 1978 ዓ.ም. ማታ ከሐይቁ ሥር የተጠራቀመው ይኸው ጋዝ በድንገት ወጣ። ከብዶ ወደ ሸለቆው ወረደ። በመንደሮቹ 1 ሺህ 700 ያህል ሰዎች ሞቱ። ከብቱም አለቀ። እሳት አልነበረም። ጎርፍም አልነበረም። የገደላቸው የማይታይ ጋዝ ነው።

እስቲ እናስላ

በሲሊንደሩ ውስጥ ጋዙ ታምቆ እንደ ውሃ ፈሳሽ ሆኗል። 1 ኪሎው ሲወጣ ከ500 ሊትር በላይ ጋዝ ይሆናል። 10 ኪሎ የሚይዝ ሲሊንደር ቢያፈስስ ከ5 ሺህ ሊትር በላይ ይሆናል ማለት ነው። አሁን ጓዳውን እንለካ። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 2 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር ተኩል ቢሆን የሚይዘው አየር 10 ሺህ ሊትር ነው። እንግዲህ አንድ ሲሊንደር የጓዳውን እኩሌታ ሊሞላ ይችላል። ሰውን ለመጣል ግን ይህን ያህል አያስፈልግም። ከ100 እጅ አየር 3 እጁ ይህ ጋዝ ሲሆን ትንፋሽ ይበዛል፣ ራስ ያማል። 10 እጅ ሲሆን ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ራሱን ይስታል።

«ሻማ አብርቼ እፈትሻለሁ» የሚል ሰው አለ። ይኸ አያዛልቅም። ሻማው ሳይጠፋ ሰው ሊወድቅ ይችላል።

ሁለተኛው አደጋ ግፊቱ ነው

ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሲሆን በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት 57 ባር ያህል ነው። የትንሽ መኪና ጎማ ግፊት ከ2 ባር እምብዛም አይበልጥም። በመካከል ያለው ልዩነት ከ20 እጥፍ በላይ ነው። በርሜሉ ይህን ሁሉ ግፊት አይችልም። ለመቅዳት የሚያስፈልገው ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ባር ነው። ስለዚህ በሲሊንደሩና በበርሜሉ መካከል ግፊቱን የሚቀንስ ዕቃ ይገባል። ስሙ ሬጉላተር ነው። ያለ ሬጉላተር ጋዙን በቀጥታ ከበርሜል ጋር ማገናኘት በርሜሉን ማፈንዳት ነው።

እንዴት እንሥራ?

1. ሲሊንደሩን ቀጥ አድርገን እናቁም። በገመድ ወይም በሰንሰለት ከምሰሶ ጋር እንሠረው። አናጋድመው። ከተጋደመ ፈሳሹ ወደ ሬጉላተሩ ገብቶ ያበላሸዋል። ከወደቀም አንገቱ ሊሰበር ይችላል።

2. ቦታው አየር የሚገባበት ይሁን። ከፀሐይና ከእሳት ይራቅ። ወጥ ከሚሠራበት ምድጃ አጠገብ ፈጽሞ አይቀመጥ። ሲሞቅ ግፊቱ በፍጥነት ይጨምራል።

3. ጎሚኒው ደኅና መሆኑን እንይ። የሬጉላተሩን ማስተካከያ አላልተን ከሲሊንደሩ ጋር በመፍቻ እናጥብቀው።

4. ወደ ጎን ቆመን የሲሊንደሩን ቁልፍ ቀስ ብለን እንክፈት። ፊታችንን ወደ ሬጉላተሩ አናቅርብ።

5. በየመጋጠሚያው የሳሙና ውሃ እንቀባ። አረፋ ከተነፋ ጋዙ ያፈተልካል ማለት ነው። ዘግተን እናስተካክል።

6. የመቅጃውን ራስ በበርሜሉ ላይ እንግጠም። ከዚያ የሜትሩን ቁጥር እያነበብን ግፊቱን ጥቂት በጥቂት እንጨምር። በበርሜሉ ላይ ከተጻፈው ቁጥር አንለፍ።

7. ሥራው ሲያልቅ መጀመሪያ ሲሊንደሩን እንዝጋ። ቀጥሎ በጎማው የቀረውን ጋዝ እናስተንፍስ። ሲያድርም በዝግ ክፍል አይደር።

የበርሜሉን አንገት በመፍቻ ወይም በቢላዋ ለመፍታት አንሞክር። ባዶ የመሰለው በርሜል ውስጡ ግፊት አለው። በመካከሉ ያለው የብረት ቱቦ እንደ ጥይት ሊወረወር ይችላል። በዚህ ሰው ሞቷል። ደግሞም ሙሉው የ50 ሊትር በርሜል ከ60 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ለሁለት እንሸከመው።

ደጋው አረፋ ያበዛል

«ደባርቅ ስንደርስ አረፋ ብቻ ሆነብን» የሚሉ ቀጂዎች አሉ። ምክንያት አለው። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2 ሺህ 100 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ደባርቅ ደግሞ ከ2 ሺህ 800 ሜትር በላይ ነው። ወደ ደጋ ስንወጣ አየሩ ይሳሳል። በደጋ ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ ባቄላው ግን ቶሎ አይበስልም። ይኸም ከአየሩ መሳሳት የመጣ ነው። አየሩ ሲሳሳ ከቢራው ውስጥ ያለው ጋዝም ቶሎ ይወጣል። በዚያ ላይ በርሜሉ 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሲናጥ መጥቷል።

ታዲያ ቀጂው ይናደድና ጋዙን ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ ዕቃውን ይፈታል። ይኸ ስሕተት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በርሜሉ ጥቂት ሰዓት ይረፍ። በደንብ ይቀዝቅዝ። ጃምቦውን ዘንበል አድርገን እንቅዳ።

ሰው ቢወድቅስ?

በዝግ ክፍል ውስጥ ሰው ወድቆ ብናይ ዘለን አንግባ። ይህ ለመስማት ይከብዳል። ወንድም ወድቆ እንዴት ይታያል? ነገር ግን ዘሎ የገባውም አጠገቡ ይወድቃል። አንድ የነበረው ሐዘን ሁለት ይሆናል። በመጀመሪያ እንጩህ፣ ሰው እንጥራ። በሩንና መስኮቱን ከውጭ ሆነን ወለል አድርገን እንክፈት። ንፋስ ከገባበት በኋላ የወደቀውን ወደ ውጭ አውጥተን ፈጥነን ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰድ። የእህል ጉድጓድ የሚከፍት ገበሬም ሳያናፍስ አይገባም። ልማዱ አንድ ነው።

ውድ አንባቢያን! በሲሊንደሩና በበርሜሉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ለጌጥ አይደለም። ቁጥሩን የሚያነብ ሰው በድግሱ ላይ አንድ ይኑር። እሱም እስከ መጨረሻው ሳይጠጣ ይቆይ። የሠርግ ቤት የለቅሶ ቤት እንዳይሆን እንጠንቀቅ።

የቃላት ፍቺ

ሲሊንደር፦ የታመቀ ጋዝ የሚይዝ የብረት ዕቃ።
ሬጉላተር፦ የጋዝን ግፊት የሚቀንስ ዕቃ።
ባር፦ የግፊት መለኪያ።
ጎሚኒ፦ በመጋጠሚያ ገብቶ ማፍሰስን የሚከለክል ጎማ።

እንወያይ

1. ጋዙ ወለል ላይ የሚተኛው ለምንድነው?
2. በቤታችን አየር የማይገባው ክፍል የትኛው ነው?
3. ሰው ቢወድቅ መጀመሪያ ምን እናደርጋለን?