በክንድ ላይ የሚታየው ምስክር

በድሬዳዋ የሚሠራ አንድ ወጣት ጸሐፊ አለ እንበል። ነፋስ ከደቻቱ አሸዋ አቧራ ባስነሣ ጊዜ ያስነጥሰዋል፤ ዓይኑን ያሳክከዋል፤ ሌሊት ደረቱን ያፍነዋል። አንዱ ባልንጀራው «ወተት ተው» ይለዋል፤ ሌላው «ዝውውር ጠይቅ» ሲል ይመክረዋል። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ነገር ግን መርምሮ የተናገረ የለም።

የምርመራው ዘዴ ረጅም ዕድሜ አለው። እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ብላክሊ የአበባ ብናኝ በገዛ ቆዳው ላይ ሞክሮ ያገኘውን እ.ኤ.አ. በ1873 በመጽሐፍ አሳተመ። «አለርጂ» የሚለውን ስም ደግሞ የኦስትሪያው ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ እ.ኤ.አ. በ1906 አወጣው።

ዛሬ ሐኪሙ በሽተኛውን አስቀድሞ ይጠይቃል። ከዚያም የተጠረጠሩትን ነገሮች ጭማቂ በክንዱ ላይ ጠብ እያደረገ ቆዳውን በመርፌ ጫፍ ነካ ያደርገዋል። ለማመሳከሪያም ሁለት ጠብታዎች ይጨምራል፤ አንዱ ቆዳ የሚያሳብጥ ሂስታሚን፥ ሁለተኛው ምንም የማያደርግ የጨው ውሃ ነው። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በኋላ፥ ከጨው ውሃው ምልክት ቢያንስ በ3 ሚሊሜትር የሚበልጥ ጉብታ የወጣ እንደ ሆነ ሰውነቱ ያንን ነገር ለይቶ ይቈጣል ማለት ነው። ፀረ ሂስታሚን ክኒን ጉብታውን ስለሚደብቅ በሐኪም ምክር ከሳምንት ያህል በፊት ይቋረጣል። ክኒኑን ለማቋረጥ የማይችል ሰው ደም ሰጥቶ ኢሚዩኖግሎቡሊን ኢ የተባለውን ፕሮቲን በላቦራቶሪ ያስለካል።

ለጸሐፊያችን ከሚጠረጠሩት አንዱ ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃም ዛፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ወደ አገራችን ገብቶ በድሬዳዋ አካባቢ የተተከለ ሲሆን፥ ብናኙ አለርጂ እንደሚያስነሣ በህንድና በአረብ አገሮች በቆዳ ምርመራ ታውቋል።

ይሁን እንጂ ጉብታ ብቻውን በሽታ አይደለም። በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1997 በላንሴት መጽሔት የወጣ ጥናት ይህን ያስረዳል። በፍራሽ ውስጥ ለሚኖረው፥ በዓይን ለማይታየው የአቧራ ተባይ ቆዳቸው የሚቈጣ ሰዎች ከከተማው ይልቅ በገጠሩ በዙ፤ ሲተነፍሱ ደረታቸው ሲር ሲር የሚል ግን በገጠሩ ጥቂቶች ነበሩ። የሆድ ትላትልም የዚያን ፕሮቲን ጠቅላላ መጠን ከፍ ስለሚያደርጉ የላቦራቶሪ ቊጥር ብቻውን ሊያሳስት ይችላል።

እንግዲህ ምርመራው ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም። ጸሐፊውም ወተቱን ከመተውና ከተማውን ከመልቀቁ በፊት የት፥ መቼና ምን ሲያደርግ እንዳመመው በማስታወሻ ጽፎ ወደ ሐኪም ይሂድ። ምስክር በደንብ የሚመልሰው በደንብ ሲጠየቅ ነውና።