የማይለቅ የአንጀት ሕመም ሲነገረን

በአማርኛችን የሐሳብም የኀዘንም ማደሪያው ሆድ ነው። ሰው ሲከፋው «ሆዴ ባባ» ይላል። ደስ ሲለው «አንጀቴ ቅቤ ጠጣ» ይላል። ለሰው የማይነገር ነገር ሲገጥመው ደግሞ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ዝም ይላል። እንግዲህ የታመመው ራሱ አንጀቱ የሆነ ሰው ጭንቀቱን የት ያኑረው? በዚህ ጽሑፍ የሕመሙን ምንነት ባጭሩ እንገልጻለን። ይበልጥ የምንቆየው ግን «ይህ በሽታ ዕድሜ ልክ አብሮህ ይኖራል» የተባለ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሚደርስበት ነገር ላይ ነው።

ሕመሙ እንዲህ ነው። ሰውነታችን ከውጭ የሚገባ በሽታን የሚከላከል ኃይል አለው። በአንዳንድ ሰው ላይ ይህ ኃይል ይሳሳትና የገዛ አንጀቱን እንደ ጠላት ይወጋል። ሌባ እንዲጠብቅ የታሰረ ውሻ የቤቱን ልጅ ሲነክስ እንደ ማለት ነው። አንጀቱ ያብጣል፣ ይቆስላል፣ ይደማል። ዋና ዋና ዓይነቶቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ትልቁን አንጀት ብቻ ያቆስላል። ሁለተኛው ከአፍ እስከ ፊንጢጣ ባለው መንገድ በየትኛውም ስፍራ ሊወጣ ይችላል። ይህን ሁለተኛውን ሐኪሞች «የክሮን በሽታ» ይሉታል። ስሙ የተወሰደው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1932 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ስለ በሽታው ከጻፈው ከኒውዮርኩ ሐኪም ከቡሪል ክሮን ነው።

ምልክቱ ሳምንታትና ወራት የሚቆይ ተቅማጥ፣ ደም የቀላቀለ ዓይነ ምድር፣ የሆድ ቁርጠት፣ መክሳትና ድካም ነው። ሰውየው ከሽንት ቤት ገና ከመመለሱ እንደገና ያጣድፈዋል። ሕመሙ አንድ ጊዜ ጋብ ይላል፤ ሌላ ጊዜ ያገረሻል። እንደ በጋና ክረምት ነው እንዳንል፣ ክረምት እንኳ የሚገባበት ወር ይታወቃል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የርግማን ወይም የመተት ውጤት አይደለም። «ተናደህ ነው፣ ብዙ አስበህ ነው» የሚለውም ወሬ ልክ አይደለም። ንዴትና ሐሳብ ያለውን ሕመም ሊያባብሱ ይችላሉ እንጂ በሽታውን አይፈጥሩትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስጠንቅቅ። በአገራችን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ብዙ ባለቤት አለው። አሜባ አለ፤ ከቆሸሸ ውሃ የሚመጣ ሌላ ተቅማጥ አለ፤ የሆድ ትል አለ። የአንጀት ቲቢም አለ። ይኸኛው የክሮንን በሽታ በጣም ስለሚመስል የሠለጠነ ሐኪምን እንኳ ያደናግራል። ኪንታሮት ነው እየተባለ ብዙ ጊዜ የሚቆይም አለ። ስለዚህ ይህን ያነበበ ሰው «እኔንም የያዘኝ ይኸው ነው» ብሎ በራሱ አይፍረድ። ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር።

አሁን እንበልና አንድ የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ሕመሙ ከዓመት በላይ ሲያመላልሰው ቆይቶ ወደ አዲስ አበባ ተላከ። እንደ ብዙው የአገር ቤት ሰው የሚወርደው መርካቶ፣ አውቶቡስ ተራ ነው። የሚያድረውም እዚያው አዲስ ከተማ፣ ሸክም ተሸክሞ ከሚኖረው ከእህቱ ልጅ ዘንድ ነው። ሆስፒታል ተመላለሰ፤ ወረፋ ጠበቀ። በመጨረሻ ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በፊንጢጣው ገብቶ አንጀቱ ታየ። ከቁስሉም ቅንጣት ተወስዶ ተመረመረ። ይህ ምርመራ ብቻውን ለአንድ አባወራ ትልቅ ኀፍረት ነው። ለሐኪሙ ግን ጆሮ ወይም ጉሮሮ እንደ ማየት ነው። ከዚያም ውጤቱ ተነገረው። «መድኃኒት አለው፤ ሕመሙን ያስታግሰዋል። ጨርሶ የሚነቅለው ግን አይደለም» ተባለ።

«አይነቅለውም» ከሚለው ቃል በኋላ ሐኪሙ የተናገረው ብዙ ጊዜ በጆሮ አይገባም። የክኒኑ አወሳሰድ፣ የቀጠሮው ቀን፣ ሁሉም እንደ ወራጅ ውሃ ያልፋል። ይህ ሞኝነት አይደለም። የደነገጠ ሰው ጆሮ እንዲህ ነው። ስለዚህ ውጤት ለመስማት የሚሄድ ሰው ብቻውን ባይሄድ ይሻላል። የእህቱ ልጅ አብሮት ቢገባ ኖሮ አጎቱ ያልሰማውን ይሰማለት ነበር።

ቀጥሎ የሚመጣው እንደየሰዉ ይለያያል። አንዱ «ወረቀቱ የሌላ ሰው ነው፤ ተሳስተዋል» ይላል። ሌላው «ምን በደልኩ?» ብሎ ይቆጣል። አንዱ ያለቅሳል። ማልቀስ ያቃተው ደግሞ ግድግዳ ሲያይ ይውላል። እነዚህ ሁሉ የኀዘን መልኮች ናቸው። የሞተ ሰው ባይኖርም የጠፋ ነገር አለ። ሰውየው ከቤቱ ሲነሣ «መርፌ ተወግቼ ድኜ እመለሳለሁ» ብሎ ነበር። ያ ተስፋ ሞቶበታል። እኛ ለሞተ ሰው ድንኳን እንተክላለን፤ ንፍሮ እንቀቅላለን፤ ለቀስተኛው አይዞህ ይላል። ለዚህ ዓይነቱ ኀዘን ግን የሚቀመጥ ለቀስተኛ የለም። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚለው አባባልም እዚህ ላይ ሲጎዳ እንጂ ሲጠቅም አላየንም።

ከሆስፒታል ወደ መርካቶ ሲመለስ ደግሞ ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። መርካቶ የማይሸጥ ነገር የለም። ሸማውም፣ ቆርቆሮውም፣ አሮጌ ጎማውም በየተራው አለ። የፈውስ ወሬም እንዲሁ። ቅመም የሚሸጥበት ሰፈር ሲገቡ ከጥቁር አዝሙዱና ከኮረሪማው ጎን ኮሶና እንቆቆ ይገኛል። «ሦስት ጧት ጠጣው፤ ከነሥሩ ነቅሎ ያወጣልሃል» የሚል አይጠፋም። «አይለቅም» የተባለ ሰው «ይለቃል» የሚለውን ሲያገኝ ልቡ ወዴት እንደሚያደላ ለማንም ግልጽ ነው። ነገር ግን ኮሶና እንቆቆ ሆድን ጠርገው ትል የሚያስወጡ መድኃኒቶች ናቸው። የሚደማ አንጀትን በእነሱ መጥረግ ቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው።

ነገሩን የሚያወሳስበው ሌላም ጉዳይ አለ። ይህ ሕመም አንዳንዴ በራሱ ጊዜ ጋብ ይላል። በዚያው ሰሞን ሥር የጠጣ ሰው «ሥሩ አዳነኝ» ብሎ ያምናል፤ ሐኪም ያዘዘለትን ይተዋል። ሲያገረሽበት ሌላ አዋቂ ይፈልጋል። መጀመሪያ በግ ይሸጣል፤ ቀጥሎ ከጥማዱ አንዱ በሬ ይሸጣል። ሕመሙ ሲተኛ በሬው ተመልሶ አይመጣም።

ጠበል የሚጠመቀውስ? ይጠመቅ። መድኃኒቱን ግን አይተው። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ መውሰድ እንደሚችሉ ተናግረው ነበር። አንዱ ሌላውን አይከለክልም ማለት ነው። የጾምን ነገር ደግሞ ክርስቲያኑ ለንስሐ አባቱ፣ ሙስሊሙ ለሼኩ ያማክር። በሁለቱም ሃይማኖት ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ፤ ወደ ዝምታው። የእግር ስብራት ቢሆን ሰው ሁሉ ይጠይቀዋል፤ እሱም እያሳየ ይናገራል። ስለ ተቅማጥና ስለ ደም ግን በማዕድ ፊት አይወራም። ስለዚህ ገበሬው አገሩ ሲመለስ «ትንሽ ጨጓራ ነው» ይላል። ደቦ ይቀራል፤ ማኅበር ይቀራል፤ ገበያ መሄድ ይተዋል። ጎረቤት «ኮራብን» ይላል። ሚስቱም በማታ ደጋግሞ ሲወጣ አይታ የማይሆን ነገር ትጠረጥራለች። «ሆድ ይፍጀው» ያለው ሰው ሕመሙን የደበቀ መስሎት ቤቱን ያውካል።

ለሁሉም ሰው ይናገር አንልም። መንደሩ ሁሉ ማወቅ የለበትም። ግን አንድ፣ ሁለት ሰው ይምረጥ፤ ወሬ የማያመላልስ፣ ቶሎ የማይደነግጥ ሰው። አነጋገሩም ረጅም መሆን የለበትም። ለሚስቱ እንዲህ ቢል ይበቃል፦ «ስሚኝማ፣ ሐኪሙ የአንጀት ቁስለት ነው ብሎኛል። አይጋባም። አይለቅም ግን በክኒን ይታገሣል። ሲያጣድፈኝ አትጠይቂኝ፤ መንገዱን ልቀቂልኝ ብቻ።» የታመመችው ሚስት ከሆነች ነገሩ ይብሳል። ከሕመሙ ሌላ «መውለድ አትችልም» የሚል ሐሜት ይጨመርባታል። ይህ ሐሜት መሠረት የለውም። ሕመሙ በተኛበት ጊዜ ብዙዎቹ እንደማንኛዋም ሴት ያረግዛሉ፣ ይወልዳሉ። ለማርገዝ ስታስብ አስቀድማ ከሐኪም ጋር መምከር አለባት፤ መድኃኒቱንም በራሷ አታቋርጥ።

ብዙ ሰው የሚያሳፍረው ሞት ሳይሆን መንገድ ላይ መዋረድ ነው። በመርካቶ ግርግር መካከል ያጣደፈው ሰው ምን ይሁን? እየተከፈለ የሚገባባቸው መጸዳጃ ቤቶች አሉ፤ የት የት እንዳሉ ባልቸኮለበት ሰዓት አይቶ ማወቅ ነው። ዝርዝር ሳንቲም በኪሱ፣ ትርፍ ሱሪና ጨርቅ በከረጢቱ ይያዝ። አውቶቡስ ሲሳፈር ረዳቱን ለብቻው ጠርቶ «ወንድሜ፣ ሆዴን ያመኛል፤ ስነግርህ አስቁምልኝ» ይበለው። አስቀድሞ የተነገረው ረዳት አብዛኛውን ጊዜ አይጨክንም። እንዲህ የተሰናዳ ሰው ሐሳቡ በግማሽ ይቀንሳል። ሐሳብ ሲቀንስ ደግሞ አንጀትም ይረጋጋል። አንጀት የራሱ የሆነ ከ100 ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሕዋስ አለው፤ ከአንጎል ጋርም ሁልጊዜ ይላላካል።

ስለ መድኃኒቱም ሁለት ነገር እንበል። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ክኒን ሕመሙ ሲነሣ ይታዘዛል። ይህ ክኒን እንቅልፍ ሊነሣ፣ ሰውን ግልፍተኛ ሊያደርግ ወይም ሊያስከፋ ይችላል። ያን ያላወቀ ሰው «አብጃለሁ» ብሎ ይፈራል። ክኒኑን በድንገት ማቆም አደገኛ ስለሆነ ለሐኪሙ ይንገር እንጂ አይጣለው። ሰልፋሳላዚን የሚባለው ደግሞ የወንድን ዘር ለጊዜው ሊቀንስ ይችላል፤ መድኃኒቱ ሲቀየር ይመለሳል። ይህን የማያውቅ ባል ሚስቱን ይወቅሳል።

ከማይለቅ ሕመም ጋር መኖር ለአገራችን አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ የስኳር ሕመም ማኅበር የተቋቋመው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1984 ነው። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሰዎችም ከ1989 ዓ.ም. ወዲህ መቅድም ኢትዮጵያን፣ ቀጥሎም ተስፋ ጎህን መሥርተው ተሰባሰቡ። በዚያን ጊዜ የእነሱ ኀፍረት ከማንም ኀፍረት የከበደ ነበር። የጠቀማቸው አንዱ ነገር ያው ሕመም ያለበት ሌላ ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ «እኔም እንዲሁ ነኝ» ማለቱ ነው። የአንጀት ሕመምተኛም በቀጠሮ ቀን ወረፋ ላይ አጠገቡ የተቀመጠውን ቢያነጋግር ጓደኛ ያገኛል።

አንዳንድ ጊዜ ግን ኀዘኑ አይነሣም። ሰውየው ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ ካጣ፣ የሚወደው ነገር ሁሉ ካስጠላው፣ «ሞቴን ባደረገው» ማለት ከጀመረ፣ ይህ የድባቴ ሕመም ሊሆን ይችላል። ይህም ይታከማል። ጊዜ አይሰጠውም፤ ብቻውንም አይተዉት። እዚያው መርካቶ አጠገብ፣ አዲስ ከተማ ውስጥ፣ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል እሱ ስለ ነበር ስሙን ለስድብ ያዋሉት አሉ። ስድቡ የተሳዳቢዎቹ ነው። ዛሬ በክፍለ አገር ባሉ በርካታ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ስለሚሰጥ አዲስ አበባ ድረስ መምጣት ላያስፈልግ ይችላል።

ወጪውን በተመለከተ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ከዚያ ወዲህ ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። አባል የሆነ ገበሬ መታወቂያውን አሳድሶ፣ ከጤና ጣቢያው የመላኪያ ወረቀት ይዞ ይሂድ። ብዙ ደም ከፈሰሰው፣ ሆዱ ከተነፋና ከደረቀ፣ ትኩሳት ከያዘው ወይም ራሱን ከሳተ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይሂድ።

ፊደል የቆጠረ ሕመምተኛ ደግሞ አንድ ተጨማሪ መሣሪያ አለው፤ ደብተር። በየማታው ሁለት መስመር ይጻፍ። ስንት ጊዜ እንደ ወጣ፣ ደም እንደ ነበረው፣ ምን እንደ በላ፣ መድኃኒቱን እንደ ወሰደ፣ ስሜቱም እንዴት እንደ ዋለ ይጻፍ። አንዱን ሚጥሚጣ ያስነሣበታል፤ ሌላውን ወተት። ለሁሉም የሚሆን አንድ የምግብ ሕግ ስለሌለ የራሱን የሚነግረው ደብተሩ ነው። ሐኪሙም በቀጠሮ ቀን አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። አጻጻፉ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

«ሰኞ። 7 ጊዜ ወጣሁ። 3 ጊዜ ደም ነበረው። ሌሊት ተነሣሁ። ክኒን ወስጃለሁ። ከፍቶኛል፤ ከሰው አልተነጋገርኩም።»

«ዓርብ። 3 ጊዜ። ደም የለም። ሽሮ ያለ በርበሬ በላሁ። ለወንድሜ ነገርኩት። አብረን ጤፍ አጨድን።»