በኤዲኤችዲ ሕክምና የቤተሰብ ተሳትፎ

በኤዲኤችዲ ሕክምና የቤተሰብ ተሳትፎ ማለት የትኩረት ማነስና ከልክ ያለፈ ቅብጥብጥነት ችግር (ኤዲኤችዲ) ያለበት ልጅ ሲታከም ወላጆችን፣ አያቶችንና ታላላቆቹን የሕክምናው አካል ማድረግ ነው። ሐኪም ልጁን የሚያየው አልፎ አልፎ ለጥቂት ደቂቃ ሲሆን፣ ችግሩ ግን በየዕለቱ በቤት፣ በትምህርት ቤትና በሥራ ላይ ይታያል።

ምንነት

ኤዲኤችዲ የአእምሮ እድገት ችግር ነው። ምልክቶቹ በሁለት ይከፈላሉ፤ አንደኛው ትኩረት ማጣትና መርሳት፣ ሁለተኛው ቅብጥብጥነትና ሳያስቡ ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ መሠረት ምልክቶቹ ከ12 ዓመት በፊት የጀመሩ፣ ቢያንስ 6 ወር የቆዩና ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ የሚታዩ መሆን አለባቸው። በዓለም ዙሪያ 5 ከመቶ ያህል ሕፃናት ችግሩ እንዳለባቸው ይገመታል። በአብዛኛው በዘር የሚወረስ ነው እንጂ በጥጋብ ወይም በአስተዳደግ ጉድለት አይመጣም።

በጎንደርና በሰሜን ጎንደር

በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ ደጋ ልጆች ገና በትንሽነታቸው በግና ጥጃ ይጠብቃሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ። ትኩረት የሚያጣ ልጅ በጎቹ የጎረቤት ገብስ ውስጥ ሲገቡ ላያይ ይችላል፤ የተላከበትንም መንገድ ላይ ይረሳል። እንዲህ ያለው ልጅ «ቀዥቃዣ» ወይም «ባለጌ» ተብሎ ይገረፋል፣ እናቱም «አላሳደግሽውም» ተብላ ትወቀሳለች። ዝም ብላ በሐሳብ የምትሄድ ልጅ ደግሞ ስለማትረብሽ ችግሯ ሳይታወቅ ትቀራለች።

በጎንደር ከተማ የሚገኘው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪ.ሜ. ያህል ስለሚርቅ ለገጠር ቤተሰብ መመላለሱ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ቤት ውስጥ የሚሠራው ሥራ ትልቅ ድርሻ አለው። ጸበል የሚወስዱ ቤተሰቦችም ጸበሉን ሳይተዉ ሕክምናውን ጎን ለጎን ሊከታተሉ ይችላሉ።

ቤተሰብ የሚያደርገው

* ትእዛዝን አንድ በአንድ መስጠት፦ «በጎቹን አስገባ፣ ውሃ ቅዳ፣ እንጨት አምጣ» በአንድ ትንፋሽ ከማለት ይልቅ ልጁን በስሙ ጠርቶ አንዱን መንገር፣ ሲጨርስ ሌላውን ማስከተል።
* ወዲያው ማመስገን፦ «ጎበዝ፣ በጎቹን ሳትበትን አመጣሃቸው» ብሎ ያደረገውን መጥቀስ። ምስጋናው ከዘገየ ልጁ ከሥራው ጋር አያገናኘውም።
* ቋሚ ሰዓት መያዝ፦ ጥናትን በየቀኑ በአንድ ሰዓት ማድረግና በአጫጭር ጊዜ ከፋፍሎ በመካከሉ ማስነሣት።
* አለመግረፍ፦ ጥፋት ሲኖር ቀድሞ የተነገረ፣ ትንሽና ወዲያው የሚፈጸም ቅጣት መጠቀም፤ ለምሳሌ ጨዋታን ለጥቂት ጊዜ መከልከል። ዱላ ፍርሃት ይጨምራል እንጂ ትኩረት አያስተምርም።
* በአንድ ቃል መናገር፦ አባት የከለከለውን አያት ከፈቀደች ልጁ ደንቡን አይማርም።
* ከመምህሩ ጋር መነጋገር፦ ልጁ ፊት ለፊት እንዲቀመጥና ሰሌዳ በማጥፋት የመሰለ ሥራ አልፎ አልፎ እንዲነሣ ማድረግ።

ችግሩ በዘር ስለሚወረስ ከወላጆች አንዱም ሊኖርበት ይችላል። በዚህ ጊዜ ደንቦቹን ጥቂትና ቀላል ማድረግ ለወላጁም ይረዳል።

ከመድኃኒት ጋር ያለው ግንኙነት

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ዕድሜያቸው ከ6 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ከመድኃኒት በፊት የወላጆች ሥልጠና እንዲቀድም ይመክራል። ለትልልቆቹ ሁለቱ አብረው ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 ውጤቱ የታተመና 579 ልጆችን ለ14 ወራት የተከታተለ ጥናት፣ ዋና ዋና ምልክቶቹን በመቀነስ ረገድ በጥንቃቄ የተሰጠ መድኃኒት ከባሕርይ ሕክምና ብቻ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ሁለቱን አብረው ያገኙት ልጆች ግን ባነሰ የመድኃኒት መጠን ተመሳሳይ ለውጥ አሳይተዋል፤ ከወላጆቻቸው ጋር ያላቸው ግንኙነትም ተሻሽሏል።

የወላጆች ሥልጠና

የዓለም ጤና ድርጅት የእድገት መዘግየት ላለባቸው ልጆች አሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና በኢትዮጵያም ተሞክሯል። ሥልጠናው ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ቤተሰቦች ሲሆን፣ 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት አለው። ለኤዲኤችዲ ብቻ የተዘጋጀ ባይሆንም ከልጅ ጋር መጫወትን፣ መልካም ባሕርይን ማበረታታትንና የአሳዳጊን ድካም መቀነስን ያስተምራል። ስፔሻሊስት ያልሆኑ ሰዎችም ሠልጥነው ሊሰጡት ስለሚችሉ፣ የአእምሮ ሐኪም በሌለበት ወረዳ ለመሥራት ያመቻል።