የእናቶች ጤና የፍትሕ ጥያቄ ሲሆን፦ የጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ትግል

አንዲት እናት በወሊድ ምክንያት ሕይወቷ ሲያልፍ መንስኤው ደም መፍሰስ፣ የደም ግፊት ወይም ኢንፌክሽን ተብሎ ይመዘገባል። መዝገቡ ግን ሕመሟን ስትናገር ማን እንደሰማት፣ ሕክምና ለማግኘት ምን ያህል እንደጠበቀች፣ ከእርግዝናው በፊትም በምን ዓይነት ኑሮ ውስጥ እንደነበረች አይናገርም። በአሜሪካ ጥቁር ሴቶች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲያነሱት የቆዩት ይህንኑ ጥያቄ ነው።

አሜሪካ ለጤና ከፍተኛ ገንዘብ ከሚያወጡ የዓለም ሀገራት ቀዳሚዋ ናት። ይሁን እንጂ የሀገሪቱ የበሽታ መቆጣጠርና መከላከል ማዕከል መረጃ እንደሚያሳየው እ.አ.አ በ2023 በሕይወት ከተወለዱ 100 ሺህ ሕጻናት አንጻር ሲሰላ የጥቁር እናቶች ሞት 50 ነጥብ 3 ነበር። የነጭ እናቶች 14 ነጥብ 5 ነው። ልዩነቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ማዕከሉ ይፋ ባደረገው ሌላ ግምገማ ደግሞ ከእርግዝና ጋር ከተያያዙ ሞቶች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑትን መከላከል ይቻል ነበር።

ልዩነቱ ከምን መጣ?

ድህነት አንዱ ምክንያት ቢሆንም ብቻውን ልዩነቱን አያብራራም። ማዕከሉ እ.አ.አ በ2019 ባወጣው ሪፖርት በኮሌጅ የተመረቁ ጥቁር ሴቶች የሞት መጠን በተመሳሳይ የትምህርት ደረጃ ካሉ ነጭ ሴቶች ከአምስት እጥፍ በላይ ነበር። ታዋቂዋ የቴኒስ ተጫዋች ሴሬና ዊሊያምስ እ.አ.አ በ2017 በቀዶ ጥገና ከወለደች በኋላ ትንፋሽ ሲያጥራት ደሟ መርጋቱን ጠርጥራ ተናግራለች፤ አስቀድሞም የደም መርጋት ታሪክ ነበራት። በመጀመሪያ ግን ቃሏ በቁም ነገር አልተወሰደም። ምርመራው ሲደረግ በሳንባዋ ውስጥ የረጋ ደም ተገኝቷል።

የዘር ተፈጥሮ ልዩነት ነው የሚለው ግምትም በጥናት ተፈትኗል። በኢሊኖይ ግዛት የወሊድ መዝገብ ላይ ተሠርቶ እ.አ.አ በ1997 የታተመ ጥናት በአፍሪካ ተወልደው ወደ አሜሪካ የሄዱ ጥቁር እናቶች ልጆች ሲወለዱ አማካይ ክብደታቸው 3 ሺህ 333 ግራም መሆኑን አሳይቷል። በአሜሪካ የተወለዱ ጥቁር እናቶች ልጆች አማካይ 3 ሺህ 89 ግራም፣ የነጮቹ ደግሞ 3 ሺህ 446 ግራም ነበር። ከአፍሪካ የሄዱት እናቶች ውጤት ይበልጥ የቀረበው ለነጮቹ ነው። ምክንያቱ በደም የሚወረስ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልታየ ነበር።

የሕዝብ ጤና ተመራማሪዋ አርሊን ጀሮኒመስ ጉዳዩን ዝናብና ፀሐይ ዓለትን ከሚሸረሽሩበት ሁኔታ ጋር ያመሳስሉታል። የዕድሜ ልክ ንቀት፣ ጭንቀትና አድልዎ አካልን ቀስ በቀስ ያደክማል፤ እርግዝናም የደከመውን አካል ይፈትነዋል።

ያለፈቃድ የተወሰደ ማህጸን

በጥቁር ሴቶችና በሕክምና ተቋማት መካከል ያለው ያለመተማመን ታሪካዊ መነሻ አለው። በሚሲሲፒ ግዛት በሰው መሬት ላይ ጥጥ የእኩል እያረሱ ይኖሩ የነበሩት ፋኒ ሉ ሐመር እ.አ.አ በ1961 እጢ ለማስወጣት ወደ ሕክምና ሄደው ሳይጠየቁና ሳይፈቅዱ ማህጸናቸው እንዲወጣ ተደርጓል። ሐመር በኋላ ከሀገሪቱ ታላላቅ የመብት ታጋዮች አንዷ ሆነዋል። እ.አ.አ በ1973 ደግሞ በአላባማ ግዛት የ12 እና የ14 ዓመት እህትማማቾች እንዳይወልዱ ተደርገዋል። ማንበብ የማይችሉት እናታቸው የፈረሙት የወሊድ መከላከያ መርፌ እንደሚሰጣቸው በማሰብ ነበር።

በዚያው ዘመን አብዛኛው የሴቶች ንቅናቄ ትኩረቱን ያለመውለድ መብት ላይ አድርጎ ነበር። ለጥቁር ሴቶች ግን የመውለድ መብትም የተነጠቀ መብት ነበር። ለዚህም ነው እ.አ.አ በ1994 በቺካጎ የተሰበሰቡ ጥቁር ሴቶች "የሥነ ተዋልዶ ፍትሕ" የሚለውን አስተሳሰብ ያቀረቡት። አስተሳሰቡ ሦስት መብቶችን አንድ ላይ ያነሳል፦ ያለመውለድ፣ የመውለድ እንዲሁም የወለዱትን ልጅ ደኅንነቱ በተጠበቀ አካባቢ የማሳደግ መብት። በዚህ አስተሳሰብ ንጹሕ ውኃ፣ የመኖሪያ ቤትና ከጥቃት ነጻ መሆን የእናቶች ጤና አካል ናቸው።

እናትነት የማኅበረሰብ ሥራ ነው

የሥነ ማኅበረሰብ ምሁሯ ፓትሪሺያ ሂል ኮሊንስ እ.አ.አ በ1990 ባሳተሙት መጽሐፍ በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ አያቶች፣ አክስቶችና ጎረቤቶች ያልወለዱትን ልጅ የማሳደግ ኃላፊነት እንደሚጋሩ ጽፈዋል። አራስ በጎረቤት የምትጠየቅበትን፣ ገንፎ የሚገነፋበትን ባሕል ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ ሐሳብ አይደለም።

በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶችም ጥቁር የልምድ አዋላጆች ለብዙ ዘመናት ሐኪም ያልደረሰበትን ቤት ሲያገለግሉ ኖረዋል። የጆርጂያዋ ሜሪ ኮሊ ብቻቸውን ከ3 ሺህ በላይ ሕጻናትን አዋልደዋል። ዛሬ የጥቁር እናቶች ማኅበራት ይህን ድጋፍ ከዘመናዊ ሕክምና ጋር ለማጣመር ይሠራሉ። በምጥ ጊዜ ያለማቋረጥ የሚደግፋት ሰው ያላት እናት በቀዶ ጥገና የመውለድ ዕድሏ እንደሚቀንስ በርካታ ጥናቶችን ያጠቃለለ ግምገማ አረጋግጧል። እ.አ.አ በ2021 የወጣ ሕግም ለዝቅተኛ ገቢ እናቶች የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን ከወሊድ በኋላ ከ60 ቀናት ወደ 12 ወራት እንዲራዘም ለግዛቶች ዕድል ሰጥቷል።

ለአንባቢ ምን ይጠቅማል?

የጤና ባለሙያዎች እናቶችን ለሞት የሚዳርጉ ሦስት መዘግየቶች እንዳሉ ይገልጻሉ፦ በቤት ውስጥ ለመወሰን መዘግየት፣ ጤና ተቋም ለመድረስ መዘግየት፣ ከደረሱ በኋላ ተገቢውን ሕክምና ለማግኘት መዘግየት። የጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ልምድ በተለይ ሦስተኛውን ያጎላል። ሆስፒታል ደጅ መድረስ ብቻውን አያድንም፤ እናቲቱ ስትናገር መደመጥ አለባት።

ነፍሰ ጡር ወይም አራስ እናት ብዙ ደም ከፈሰሳት፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ካጋጠማት፣ ፊቷና እጇ ካበጠ፣ ትኩሳት ካላት፣ ደረቷን ካመማት ወይም ትንፋሽ ካጠራት ጊዜ ሳይሰጥ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ ይኖርባታል። አደጋው ልጅ በተወለደበት ዕለት አያበቃም፤ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታትም ይቀጥላል። ባል፣ አማትና ጎረቤት "የአራስ ወግ ነው" ብለው ከማለፍ ይልቅ ምን እንደሚሰማት ሊጠይቋት፣ በጤና ተቋምም አብረዋት ሆነው ቃሏ እንዲሰማ ሊያደርጉ ይገባል።