«ማደንዘዣ» እና «ሰመመን»፦ በጥርስ ሕክምና ጽሑፎች ትርጉም ላይ

ጥርሱን ሊነቀል የመጣ ሰው «ማደንዘዣ ይሰጥዎታል» ሲባል፣ አንድም ድዱ የሚደነዝዝ፣ አንድም ራሱን ስቶ የሚተኛ ሊመስለው ይችላል። ቃሉ ሁለቱንም ተሸክሞ ስለ ኖረ፣ ተርጓሚው ካልለየለት ታካሚው በከንቱ ይሠጋል። ስለዚህ «ሰመመን» ንቃተ ኅሊናን ለሚወስደው፣ «ማደንዘዣ» ደግሞ በአንድ የአካል ክፍል ለሚወሰነው ቢመደብ ይሻላል እንላለን። «የሰመመን ሕክምና» በሐኪሞች ዘንድ የተለመደ አነጋገር ነውና አዲስ ቃል መፍጠር አያሻም። መለያ ከተፈለገም «ውሱን ማደንዘዣ» ይባል፤ «የአካባቢ ማደንዘዣ» ግን በሰፈር የተቀመመ መድኃኒት ያስመስላል።

ከዚህ የከበደው «ስሜት» የሚለው ቃል ነው። ሊዶኬይንና መሰሎቹ በነርቩ ላይ የሶዲየምን መተላለፊያ ዘግተው የሕመሙ መልእክት ወደ አንጎል እንዳይደርስ ያደርጋሉ፤ የግፊትና የመነካት ስሜት ግን ብዙ ጊዜ በከፊል ይቀራል። (ቢላዋ «ደነዘ» ሲባልም የጠፋው ስለቱ ብቻ ነው።) እንግዲህ «ምንም ስሜት አይኖርዎትም» የሚል ትርጉም ስሕተት ነው። ታካሚው ጉጠቱ ሲጫነው መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ይደነግጣል፤ ሐኪሙም ግፊቱን ለሕመም ወስዶ ያለ አስፈላጊነቱ ሊጨምርለት ይችላል። በአንጻሩ፣ መግል የቋጠረ ሥፍራ አሲድነቱ መድኃኒቱን ስለሚያደክመው፣ እውነተኛ ሕመም ሊቀር ይችላል። ስለዚህ «ያምዎታል ወይስ ይጫንዎታል?» የሚለው ጥያቄ ጥርት ብሎ መጻፍ አለበት። «ያመኛል»፣ «ይጫነኛል»፣ «ይጠዘጥዘኛል» እያለ የሚለይ ቋንቋ ለዚህ አይቸገርም።

«አስፒሬሽን» የሚለው የባዕድ ቃልም ወጥመድ አለው። በሌላ የሕክምና ጽሑፍ ምግብ ወይም ፈሳሽ ወደ ሳንባ መግባቱን ያመለክታል፤ እዚህ ግን መርፌው ደም ሥር ውስጥ አለመግባቱን ለማረጋገጥ፣ መድኃኒቱ ከመገፋቱ በፊት ገፊውን ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ ደም መምጣት አለመምጣቱን ማየት ነው። «ትንታ» ብሎ የተረጎመ ሰው ዋናውን የጥንቃቄ ትእዛዝ ከመመሪያው ሰረዘ ማለት ነው። «ስቦ ማየት» ይበቃል።

«መጠን»ም እንዲሁ ለሁለት ይከፈል። 2 በመቶ ሊዶኬይን በ1 ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ 1.8 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ካርትሪጅ 36 ሚሊ ግራም ይሆናል። የመጀመሪያውን «ይዘት»፣ ሁለተኛውን «መጠን» እንበል፤ ከዚያ መታለፍ የሌለበት ወሰን የሚሰላው ከሰውየው ክብደት ጋር ተያይዞ በሚሊ ግራም ነውና።

ለወላጆች በሚሰጠው ወረቀት ላይ ደግሞ «ማደንዘዣው እስኪለቅ ልጁ እንዳያኝክ፣ ከንፈሩንም እንዳይነክስ ይጠበቅ» ማለት በቂ ነው፤ «የመድኃኒቱ ተፅዕኖ እስኪወገድ» የሚለውን ብዙ እናት አታነበውም።