ነጻ ንግድና የመንግሥት ቁጥጥር በጅማ የቡና ገበያ



ነጻ ንግድና የመንግሥት ቁጥጥር ዘወትር እንደ ሁለት ተፋላሚ ጎራዎች ይቀርባሉ። እኔ ዛሬ ጉዳዩን የማየው ከአጋሮ፣ ከጎማና ከሊሙ ቡና አምራች አንጻር ነው። ገበሬው እሸት ቡናውን ሲሸጥ ዋጋውን የሚወስንለት ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1962 የተደረሰው ዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት ለላኪ አገሮች ኮታ እየደለደለ ዋጋን ይደግፍ ነበር። ኮታው በ1981 ዓ.ም. ሲቋረጥ የዓለም ዋጋ አሽቆለቆለ። በአገር ውስጥም ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ በመንግሥት ድርጅት ተይዞ የቆየው ንግድ ለግል ነጋዴዎች ተከፈተ። ይሁንና የገበያው መከፈት ብቻውን ለገበሬው መረጃ አላስገኘለትም። ላኪው የኒውዮርክን ዋጋ ሲከታተል፣ ገበሬው የሚሰማው በደጁ የቆመውን ሰብሳቢ ዋጋ ነበር።

በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ይህን ክፍተት ለመሙላት የታሰበ ነው። ለሚዛን፣ ለደረጃና ለክፍያ ወጥ ሥርዓት አበጀ። በዚህ ረገድ ቁጥጥሩ ገበያውን አላፈነም፤ ይልቁንም መሠረት ሰጠው። ነገር ግን ዐዋጅ ቁጥር 602/2000 ከኅብረት ሥራ ማኅበራትና ከራሳቸው እርሻ ከሚልኩ አምራቾች በቀር የሌላውን ቡና በዚሁ በር እንዲያልፍ አደረገ። ቡናው «ጅማ» ወይም «ሊሙ» ተብሎ በደረጃ ሲደባለቅ የአምራቹ ማንነት ጠፋ፤ በጥንቃቄ የለቀመ ገበሬም ለድካሙ የተለየ ዋጋ የሚያገኝበት መንገድ ጠበበ። ዐዋጅ ቁጥር 1051/2009 መንገዱን ያሰፋው ስለዚህ ነው።

የውጭ ምንዛሪ ቁጥጥርም የራሱን ጣጣ አምጥቷል። ዶላር በጠፋበት ዘመን አንዳንድ ላኪዎች ቡናን በኪሳራ እየላኩ፣ ኪሳራቸውን ከውጭ በሚያስመጡት ዕቃ ያካክሱ ነበር። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ መለቀቁ ይህን ምክንያት ያዳክማል።

ነጻ የሚባለው የውጭ ገበያም ተቆጣጣሪ አለው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ቡናው እ.ኤ.አ. ከ2020 በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት አለመምጣቱ በማሳው መገኛ መረጃ መረጋገጥ አለበት። በጥላ ዛፍ ሥር የሚለማው የጅማ ቡና ይህን ለማሟላት ተፈጥሮ ታግዘዋለች፤ ሆኖም የአነስተኛ አምራቾችን ማሳ መመዝገብ ለአንድ ነጋዴ የሚከብድ፣ የመንግሥትን እጅ የሚሻ ሥራ ነው።

እንግዲህ የእኔ መከራከሪያ ይህ ነው፦ መንግሥት ሚዛኑን፣ ደረጃውን፣ ክፍያውንና የማሳ መዝገቡን አጥብቆ ይጠብቅ፤ ቡናው ለማን፣ በየት በኩል፣ በስንት እንደሚሸጥ ግን ለገበሬውና ለማኅበሩ ይተው። በሁለቱ መካከል ያለውን ድንበር አጥንቶ ማስመር የእናንተ የተመራማሪዎች ድርሻ ነው።