«ዲ ላይ ነው ያለው»

ኮምፒውተር ይዘው ወደ ሱቄ ከሚመጡ ሰዎች አዘውትሬ የምሰማው ቃል ይህ ነው፦ «ፎርማት አድርግልኝ፤ ፋይሌ ዲ ላይ ነው ያለው»። እስቴ ውስጥ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ በጥገና ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ይህን ያላለኝ ደንበኛ ጥቂት ነው። መምህሩም፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ባለሙያውም፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብረው ወጣትም ይለዋል። ዲስኩ ሲ እና ዲ ተብሎ ስለሚከፈል፣ የሚጠፋው ዊንዶውስ ያለበት ሲ ብቻ ነው ማለቱ ነው፤ ሲለውም አምኖ ነው። እኔም አንድ ጊዜ አብሬ አመንሁ። ዛሬ የምሠራበትን ሥርዓት ያስያዘኝ የዚያ ቀን ስሕተት ነው።

ላፕቶፑን ያመጡት በዕድሜ የሚበልጡኝ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነበሩ። ወሩ ሰኔ ነው፤ ውጤት ተጠናቆ ሮስተር የሚሠራበት፣ መምህራን እንቅልፍ የሚያጡበት ጊዜ። ማሽኑ ተከፍቶ እስኪነሣ ቡና ተፈልቶ ይደርሳል። ፍላሽ በተሰካበት ቁጥር ፎልደሮቹ ይሰወሩና በምትካቸው ሾርትከት ብቻ ይታያል። «ልጄ፣ ለነገ ጠዋት አድርስልኝ። ፋይሌ ሁሉ ዲ ላይ ነው፤ ሲን አጥፋው» አሉኝ። ዲን ከፈትሁ፤ ፎልደሮች አሉበት። ሲን ፎርማት አድርጌ አዲስ ዊንዶውስ ጫንሁ። ማሽኑ እንደ አዲስ ፈጠነ፤ እኔም ሥራዬን በሚገባ የሠራሁ መስሎኝ ተኛሁ።

በማግሥቱ መምህሩ ከፍተው አዩና ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ በዝግታ «ዴስክቶፕ ላይ የነበረውስ?» ብለው ጠየቁኝ።

ዴስክቶፕ የሚባለው ኮምፒውተሩ ሲከፈት ፊት ለፊት የሚታየው ገጽ ነው። ሰው ፋይሉን እዚያ የሚያኖረው ከዓይኑ እንዳይርቅ ብሎ ነው። ነገር ግን ዴስክቶፕም፣ ዶክዩመንትስም፣ ዳውንሎድስም ሦስቱም በተለምዶ የሚገኙት ሲ ውስጥ፣ በተጠቃሚው ስም በተከፈተ ፎልደር ሥር ነው። ዲ ላይ የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ ፊልምና መዝሙር፣ የዱሮ ፎቶ ነው። የዕለት እንጀራ የሆነው ሥራ ዴስክቶፕ ላይ ይውላል። እኔ ይህን አውቅ ነበር፤ መምህሩ ግን አላወቁም። ስለዚህ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርሁ።

ፎርማት ሲደረግ ዲስኩ ላይ ምን እንደሚሆን ለደንበኞቼ በመሬት መዝገብ እመስለዋለሁ፤ በእስቴ ገበሬ ቤት የይዞታ ደብተር የማያውቅ የለምና። ዲስኩ ማሳው ነው፤ የፋይል ሥርዓቱ ደግሞ የትኛው ማሳ የማን እንደሆነ የሚጽፈው መዝገብ። ፈጣኑ ፎርማት መዝገቡን አንሥቶ በባዶ መዝገብ ይተካዋል እንጂ ማሳውን አይነካም። ድንበሩም ሰብሉም ባለበት ይቆያል፤ ባለቤቱ ግን የተጻፈበት የለም። ችግሩ የሚመጣው በባዶው መዝገብ አምኖ ማሳው ለአዲስ ሰው ሲታደልና ሲታረስ ነው። አዲስ ዊንዶውስ ሲጫን ወደ 20 ጊጋባይት የሚጠጋ ነገር በዚያ ማሳ ላይ ይታረሳል። የታረሰው አይመለስም፤ ያልታረሰው ግን ሊገኝ ይችላል። ለዚህ ነው ፋይል የጠፋበት ሰው መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ማሽኑን መዝጋት የሆነው፤ እያንዳንዱ ደቂቃ አንድ ትልም ነው።

የመምህሩን ዲስክ አውጥቼ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰካሁና ፎቶሬክ በተባለው ነጻ ፕሮግራም አስፈተሽሁት። ይህ ፕሮግራም መዝገቡን አይጠይቅም፤ ማሳ ለማሳ እየዞረ የእያንዳንዱን ፋይል መነሻ ምልክት ይፈልጋል። ሰነድም ፎቶም የየራሱ ምልክት አለው። የፋይሉ ስም ግን የሚጻፈው መዝገቡ ላይ ስለሆነ አብሮ ይጠፋል። በመቶዎች የሚቆጠሩ ፋይሎች በቁጥር ብቻ ተሰይመው ወጡ፤ መምህሩ አጠገቤ ተቀምጠው አንድ በአንድ እየከፈትን የእሳቸውን ለየን። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ውጤት ተገኘ። የሁለተኛው አልተገኘም። ያዳነን በእጅ የጻፉት የማርክ ደብተር ነው። ሦስት ምሽት እሳቸው እያነበቡ እኔ እየጻፍሁ ሠንጠረዡን እንደገና ሞላነው። አንድም ቀን አልተቆጡኝም፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ «ዲ ላይ ነው» የሚለውን ቃል ሰምቼ ብቻ እጄን አንሥቼ አላውቅም።

በእነዚያ ምሽቶች ሌላም ነገር ገጠመን። አንዳንዱ የአማርኛ ሰነድ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ክምር ሆኖ ታየ። መምህሩ «ይኸው ቫይረሱ በልቶታል» አሉ። ቫይረስ አልነበረም፤ ሰነዶቹ ቪዥዋል ግዕዝ በሚባለው የዱሮ የአማርኛ መጻፊያ የተጻፉ ናቸው። ግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት የራሱን ቦታ ያገኘው እንደ ፈረንጆች በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያዎች የላቲኑን ቦታ እየተዋሱ በፎንት ኃይል ብቻ «ሀ» እና «ለ»ን ያሳዩ ነበር፤ ብዙ ጽሕፈት ቤት ደግሞ በለመደው ቀጥሏል። ፎርማት ሲደረግ ፎንቱ አብሮ ይሄዳል፤ ሰነዱ በሕይወት እያለ የሞተ ይመስላል። ፎንቱን መልሼ ስጭን ጽሑፉ እንደ ነበረ ወጣ። ስለዚህ ዛሬ ማንኛውንም ማሽን ከማጥፋቴ በፊት የፎንት ፎልደሩን እገለብጣለሁ። ስንት ሰነድ «ተበላሽቷል» ተብሎ ተጥሎ ይሆን እያልሁ አዝናለሁ።

አሁን የምሠራበት ሥርዓት እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ባለቤቱን አጠገቤ አስቀምጬ እጠይቃለሁ፦ በዚህ ሳምንት የሠሩበት ፋይል የቱ ነው? ከፍተው ያሳዩኝ። ሌላ ቦታ የሌለ፣ ቢጠፋ የማይተካ ምን አለ? በምን ፕሮግራም ነው የሚሠሩት፣ የይለፍ ቃላቸውንስ ያውቁታል ወይስ ማሽኑ ነው የሚያስታውስላቸው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ ብሮውዘር ውስጥ የተቀመጠ የይለፍ ቃል ከሲ ጋር አብሮ እንደሚሄድ አስቦት አያውቅምና። ከዚያ የተጠቃሚውን ፎልደር እንዳለ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ እገለብጣለሁ። ኮፒ ነው እንጂ ከት አላደርግም። በመሐል መብራት ቢሄድ ኮፒ የተደረገው ዋናው ባለበት ይኖራል፤ ከት የተደረገው ግን ግማሹ ወዲያ ግማሹ ወዲህ ሆኖ ይቀራል። ቫይረስ የደበቀውም ፎልደር እንዳይቀር የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አደርጋለሁ።

ቀጥሎ ብዙ ጀማሪ የሚሰናከልበት ቦታ ይመጣል። የዊንዶውስ መጫኛ ተነሥቶ ክፍልፋዮቹን ሲያሳይ ሲ እና ዲ ብሎ አይጠራቸውም፤ የሚያሳየው የዲስክና የክፍልፋይ ቁጥር፣ ከጎኑም መጠን ነው። የውጭ ሃርድ ዲስክ ተሰክቶ ከተረሳ እሱም ተሰልፎ ይታያል። የደንበኛውን መጠባበቂያ ቅጂ በስሕተት ማጥፋት የሚቻለው በዚህች ደቂቃ ነው። እኔ አስቀድሜ የእያንዳንዱን ክፍልፋይ መጠን በወረቀት እጽፋለሁ፤ ከመጫኛው ፍላሽ በቀር የተሰካውን ሁሉ እነቅላለሁ።

ስለ መጫኛውም ልናገር። ፍላሽ ለፍላሽ ሲዞር የመጣ፣ ማን እንደነካካው የማይታወቅ ዊንዶውስ በየከተማው አለ። ቫይረስ ሸሽቶ ፎርማት ያደረገ ሰው ቫይረሱን ከነመጫኛው መልሶ ይጭናል። ይህን ሳስብ የሚመጣልኝ የጎረቤታችን የጋይንት ምድር ነው። እዚያ ያለችው ቤተልሔም የድጓ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ ማስመስከሪያ ናት። የትም አገር ድጓ የተማረ ሰው እዚያ ወርዶ በመምህሩ ፊት ይሰማል፤ ከምንጩ ጋር ተመሳክሮ ያልተዛባ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው ለማስተማር የሚበቃው። ከእጅ ወደ እጅ የሄደ ነገር ሁሉ ሳይታወቅ ይዛነፋልና አባቶቻችን የማመሳከሪያ ቦታ አበጁ። ሶፍትዌርም ማስመስከሪያ አለው። ማይክሮሶፍት ከመጫኛው ፋይል ጋር ኤስኤችኤ-256 የሚባል የ64 ፊደልና ቁጥር መለያ ያወጣል። በእጃችን ያለውን ፋይል በአንድ መስመር ትእዛዝ አስልተን ከዚያ ጋር እናስተያያለን። ፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ እንኳ ተቀይራ ከሆነ መለያው ጨርሶ ሌላ ይሆናል። ያልተመሰከረለት መጫኛ ከእኔ ሱቅ አይወጣም።

ክራክ፣ ማለትም ያለ ፈቃድ ዊንዶውስን የሚያነቃ ፕሮግራም፣ አምጣ የሚሉኝም አሉ። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ፈቃድ ያለው ዊንዶውስ ተጭኖባቸው ከፋብሪካ የወጡ ላፕቶፖች ቁልፋቸው ማዘርቦርዱ ላይ ተጽፎ ነው የሚመጣው። ያው ዓይነት ዊንዶውስ ከተጫነ፣ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱን ያነቃል። ብዙ ሰው በእጁ የያዘውን ፈቃድ ሳያውቅ ጸረ ቫይረሱን አጥፍቶ ክራክ ያስገባል፤ ጠባቂውን አስሮ በሩን እንደ መክፈት ነው።

ይህን ሁሉ ያለ ኢንተርኔት መሥራትም አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በአማራ የሞባይል ዳታ ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት ትልቁን ትምህርት አገኘሁ። አዲስ የተጫነ ማሽን ዋይፋዩን የሚያሠራውን ሶፍትዌር፣ ድራይቨሩን፣ ካላገኘ ድራይቨሩን ለማውረድ የሚያስፈልገው ኢንተርኔት ራሱ አይኖረውም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ገና ሲጫን መስመር ይጠይቃል። ስለዚህ ከማጥፋቴ በፊት የማሽኑን ድራይቨሮች ከራሱ ላይ ማውጣትና ማስቀመጥ ልማዴ ሆነ። የዚያን ጊዜ ያጠራቀምሁት አንድ ሃርድ ዲስክ ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ለሌሎች ጠጋኞችም አካፍላለሁ።

በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና፣ ኢንቴል ከሆነ በአመዛኙ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያለ ፕሮሰሰር ይፈልጋል፤ በእጃችን ያሉት ብዙዎቹ ላፕቶፖች ይህን አያሟሉም። ጽሑፍና ሠንጠረዥ ብቻ ለሚሠራበት ሰው ሊኑክስ ሚንትን ጭኜ አሳየዋለሁ፤ ነጻ ነው፣ አሮጌ ማሽንም ይችለዋል፣ አማርኛም ይጻፍበታል። ካልወደደው አላስገድደውም።

ስለ ማዳን ይህን ያህል ካልሁ ስለ ማጥፋትም አንድ ቃል ይገባኛል። ኮምፒውተሩን የሚሸጥ ሰው «ፎርማት አድርጌዋለሁ» ብሎ ተማምኖ ይሸጣል። ለመምህሩ ፋይል ያገኘንበት መንገድ ለገዢውም ክፍት ነው፤ የቤተሰብ ፎቶ፣ የተቃኘ መታወቂያ፣ የባንክ ወረቀት ሁሉ ማሳው ላይ ቆሟል። ለሽያጭ ሲሆን ረጅሙን ፎርማት መምረጥ ይገባል፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ረጅሙ ፎርማት ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር በዜሮ ያርሰዋል። ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ ዲስክ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ፋይል ሲጠፋ ትሪም በተባለው ትእዛዝ ቦታውን ራሱ ያጸዳል፤ በእሱ ላይ የጠፋን ፋይል መልሶ የማግኘት ተስፋ የመነመነ ነው። ለሽያጭም የራሱ የአምራቹ ማጥፊያ ትእዛዝ ነው የሚሻለው። የዱሮው ዲስክ ስሕተታችንን ይታገሠን ነበር፤ አዲሱ አይታገሥም። ስለዚህ ከማጥፋት በፊት ባለቤቱን መጠየቅ ዛሬ ከዱሮው ይልቅ ያስፈልጋል።

ፈጣኑ ፎርማት ራሱ ደቂቃ አይሞላም፤ ጭነቱም ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ጥያቄውና ግልበጣው ግን አንዳንዴ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ደንበኛ ሲቸኩል አየዋለሁ፤ ዋጋውም ለምን እንደጨመረ ይጠይቀኛል። የምቀበለው ገንዘብ የጥያቄው ዋጋ እንደሆነ እነግረዋለሁ።

ባለፈው ሰኔ እኒያ መምህር እንደገና መጡ፤ ይህን ጊዜ የልጃቸውን ላፕቶፕ ይዘው። ከመቀመጣቸው በፊት ከኪሳቸው ፍላሽ አወጡ፤ በሌላው እጃቸው ደግሞ የተጣጠፈ ወረቀት ነበር። በወረቀቱ ላይ የፋይሎቹን ስም፣ ያሉበትን ቦታ፣ የተገለበጡበትን ቀን በጥሩ የመምህር እጅ ጽፈው ነበር። ማሽኑን ከፍቼ ቅጂውንና ዝርዝሩን ስም በስም አመሳከርነው፤ እሳቸው እያነበቡ፣ እኔ «አለ» እያልሁ፣ እንደዚያ ጊዜው ምሽት። የመጨረሻው ስም ላይ ስንደርስ ወረቀቱን አጥፈው ወደ ኪሳቸው መለሱና ኪቦርዱን ወደ እሳቸው አዞርሁላቸው። የማጥፊያውን ቁልፍ የተጫኑት እሳቸው ናቸው።